ያገለገለ ካታማራን ሽያጭ፤ የሻጭ ዕውቀትና የገዢ ደኅንነት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ማንኛውም ሰው ሠራሽ ዕቃ በአገልግሎት ዘመኑ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ባለቤት ይኖረዋል። ወፍጮም ሆነ መኪና፣ ጀኔሬተርም ሆነ ጀልባ፣ ከመጀመሪያው ባለቤት ወደ ሁለተኛው ሲተላለፍ የሚዛወረው ዕቃው ነው፤ ስለ ዕቃው በዓመታት ውስጥ የተከማቸው ዕውቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሻጩ ጋር ይቀራል። የትኛው ብሎን ተሰብሮ እንደ ተተካ፣ ውሃ በየት በኩል እንደሚያሰርግ፣ ሞተሩ በምን ዓይነት ጭነት ድምፁን እንደሚለውጥ የሚያውቀው አሮጌው ባለቤት ነው። ይህ ዕውቀት ሳይተላለፍ መቅረቱ በወፍጮ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት በአመዛኙ የገንዘብ ነው። ቤተሰብ ጭና ከወደብ ርቃ በምትሄድ ጀልባ ላይ ግን የሚያስከትለው ጉዳት እስከ ሕይወት መጥፋት ሊደርስ ይችላል።

የዚህ ንግግር ርእስ ለረጅም ጉዞ የሚያገለግል ትንሽ ካታማራን ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው በሚሸጥበት ጊዜ ስለሚነሡት የምሕንድስናና የሙያ ሥነ ምግባር ጥያቄዎች ነው። ጉዳዩ የባሕር በር ለሌላት ሀገር ባለሙያዎች ሩቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ካታማራን መልካም ጠባዩ ሁሉ በዓይን በማይታዩ ነገሮች፣ ይኸውም በክብደቱ፣ በመጋጠሚያዎቹና በሸራው ልክ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ለገዢ የማስተላለፍ ግዴታው እስከ ምን እንደሚደርስ በጉልህ ያሳያል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ይህ ዓይነት ጀልባ ቀደም ብሎ በብዛት ከተሠራበትና ዛሬም በብዛት ከሚሸጥበት ከእንግሊዝ አገር ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጀልባውና አመጣጡ

ካታማራን ማለት ሁለት ቀጫጭንና ረጃጅም ቀፎዎች ጎን ለጎን ተደርገው በላያቸው በተዘረጋ ድልድይ መሰል ወለል የተያያዙበት ጀልባ ነው። ቃሉ ከደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም «የታሰረ እንጨት» እንደ ማለት ነው። መንታ ቀፎ ያለውን ጀልባ ለረጅም የባሕር ጉዞ ቀድመው የተጠቀሙበት ግን የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ሕዝቦች ናቸው።

በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ክፍለ ሀገር በካንቬይ ደሴት ይሠሩ የነበሩት ሮላንድና ፍራንሲስ ፕራውት የተባሉ ወንድማማች በ1950ዎቹ ሺርወተር የተባለውን ቀላል የእሽቅድድም ካታማራን አወጡ። ኮሊን ሙዲ የነደፈውንና የእነርሱ ፋብሪካ የሠራውን ሬሁ ሞአና የተባለ ጀልባ ይዞ የተነሣው ዶክተር ዴቪድ ሉዊስም ከ1964 እስከ 1967 ባለው ጊዜ ባለቤቱንና ሁለት ትናንሽ ሴት ልጆቹን አሳፍሮ ዓለምን ዞረ። ይህም በካታማራን የተደረገ የመጀመሪያው የዓለም ዙሪያ ጉዞ ሆነ። መንታ ቀፎ ያለው ጀልባ ቤተሰብ ይዞ ውቅያኖስ ሊያቋርጥ እንደሚችል ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከፋይበርግላስ የሚሠሩ ትናንሽ ካታማራኖች እየተበራከቱ ሄዱ። ሮድ ማካልፓይን ዳውኒ የነደፈው 9 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ኢሮኳይ፣ ፓት ፓተርሰን የነደፈው 8 ሜትር የማይሞላው ሄቨንሊ ትዊንስ፣ ቶም ላክ የሠራው ካታላክ የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። በአሜሪካም ቶኒ ስሚዝ ጀሚናይ የተባለውን ካታማራን በ1980ዎቹ ሲያወጣ፣ ጀልባው በተራ የወደብ ማቆሚያ ውስጥ መግባት እንዲችል ወርዱን በ4.27 ሜትር ወሰነው።

ከእነዚህ ጀልባዎች መካከል አያሌዎቹ 30 እና 40 ዓመት አልፏቸው ዛሬም ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ። በአግባቡ የተሠራ ፋይበርግላስ በቀላሉ አያረጅምና ቀፎው ከባለቤቱ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። በመሆኑም አንዲት ጀልባ አምስተኛና ስድስተኛ ባለቤት እጅ መግባቷ የተለመደ ነው። በእያንዳንዱ ሽያጭ የሚጠፋው ዕውቀት ትንሽ ቢሆንም፣ ከአምስት ሽያጭ በኋላ የጀልባዪቱን ታሪክ በሙሉ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

2. የክብደት ነገር

ለማስረጃ ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ባለቤት ርዝመቷ ከ8 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፣ በነዳፊው ስሌት ከነሙሉ ጭነቷ 3,000 ኪሎግራም እንድትመዝን የታሰበች ካታማራን አለችው እንበል። ባለቤቱ በ12 ዓመት ውስጥ ተጨማሪ ባትሪዎችን፣ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳዎችን፣ ሁለተኛ የውሃ ጋን፣ ትልቅ መልሕቅና ረጅም ሰንሰለት፣ ማቀዝቀዣ፣ መጻሕፍትና መሣሪያ እየጨመረ ሄደ። እያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ነው። ተደምሮ ግን 800 ኪሎግራም ሆነ።

ሁለቱ ቀፎዎች በውሃው ወለል ላይ እያንዳንዳቸው 7.5 ሜትር ርዝመትና 0.75 ሜትር ወርድ ቢኖራቸው፣ ጫፎቻቸውም ሾጣጣ ስለሆኑ የስፋታቸው መጠን ከአራት ማዕዘኑ 0.7 ያህል ቢሆን፣ በውሃው ወለል ላይ ያላቸው ጠቅላላ ስፋት 7.9 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። የባሕር ውሃ በኩቢክ ሜትር 1,025 ኪሎግራም ስለሚመዝን፣ ይህችን ጀልባ 1 ሴንቲሜትር ለማስመጥ 81 ኪሎግራም ያህል ብቻ ይበቃል። እንግዲህ 800 ኪሎግራም 10 ሴንቲሜትር ያሰምጣታል ማለት ነው። ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ በውሃው ወለል ላይ ሰፋ ያለ ስለሆነ በዚሁ ጭነት የሚሰምጠው ከዚህ ባነሰ ነው።

የ10 ሴንቲሜትር ልዩነት ምን ያደርጋል ቢባል መልሱ በድልድዩ ሥር ይገኛል። ሁለቱን ቀፎዎች የሚያገናኘው ወለል ከውሃው በላይ 45 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የተሠራ ቢሆን፣ አሁን 35 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀረዋል። ቀድሞ ከሥሩ ያልፍ የነበረው ማዕበል አሁን ወለሉን ከታች ይመታዋል። ምቱ የፋይበርግላሱን ንጣፍ ያደክማል፤ ጀልባዪቱን ያዘገያል፤ ተሳፋሪውንም እንቅልፍ ይነሣል። ከዚህም በላይ ምሰሶውን ግራና ቀኝ የሚወጥሩት የብረት ገመዶች የሚሸከሙት ከፍተኛው ኃይል የሚወሰነው ጀልባዪቱ ላለመገልበጥ ባላት አቅም ስለሆነ፣ ክብደቷ በ27 በመቶ ሲያድግ የገመዶቹና የመሸከሚያ አግዳሚዎቹ ከፍተኛ ጭነትም በዚያው ልክ ሊያድግ ይችላል። ነዳፊው ያሰበው የጥንካሬ ትርፍ በዚህ መንገድ ሳይታወቅ ይበላል።

ጀልባዪቱ ለሽያጭ በምትቀርብበት ጊዜ እነዚህ 800 ኪሎግራሞች በማስታወቂያው ላይ እንደ ጌጥ ይዘረዘራሉ። «ሙሉ ዕቃ የተሟላላት» የሚለው አገላለጽ ለገዢው ጆሮ ደስ የሚያሰኝ ሲሆን፣ በምሕንድስና ቋንቋ ሲተረጐም ግን «ከተነደፈችበት ልክ በላይ የከበደች» ማለት ሊሆን ይችላል። ሐቀኛ ሻጭ ማድረግ የሚገባው ቀላል ነው። ጀልባዪቱ ለምርመራ በክሬን ከውሃ በምትወጣበት ጊዜ በክሬኑ ላይ የጭነት መለኪያ እንዲታይ ይጠይቅ፤ ቁጥሩን ይመዝግብ፤ ከነዳፊው ቁጥር ጐን አስቀምጦ ለገዢው ይስጥ። የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ አነስተኛ ሲሆን የሚገኘው ቁጥር ግን ከብዙ የቃል ምስክርነት ይበልጣል።

3. የሸራና የነፋስ ነገር

ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ነፋስ ሲበረታባት ታዘነብላለች። ማዘንበሏ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሸራዋ ነፋሱን እያፈሰሰ ሲሄድ ከሥር ያለው ከባድ ኪል ቀጥ ያደርጋታል። ካታማራን ግን ቀጥ ብላ የምትቆመው በሁለቱ ቀፎዎች መራራቅ ነው። ነፋሱ እየበረታ ሲሄድ እምብዛም አታዘነብልም። አንደኛው ቀፎ ከውሃው መነሣት በጀመረ ጊዜ ላለመገልበጥ ያላት አቅም ጣሪያው ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማዕዘኑ በጨመረ ቁጥር አቅሟ እየቀነሰ ይሄዳል። ከተገለበጠችም በተገለበጠችበት ረግታ ትቀራለች እንጂ በራሷ አትቃናም።

በምሳሌ የተወሰደችው ጀልባ 3,000 ኪሎግራም ብትመዝንና የቀፎዎቿ መካከለኛ መሥመሮች በ3 ሜትር ቢራራቁ፣ ከፍተኛው የመቋቋም ሞመንቷ 3,000 ኪሎግራም በ9.81 እና በ1.5 ሜትር ተባዝቶ 44,000 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ሸራዋ 35 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ የነፋሱ ኃይል ማዕከልም ከውሃ በታች ካለው የመቋቋሚያ ማዕከል 6 ሜትር ከፍ ቢል፣ ሙሉ ሸራ ተዘርግቶ ከጐን የሚመጣ በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ አንደኛውን ቀፎ ከውሃ ለማንሣት ይበቃል። ስሌቱ ለሸራው 1.2 የሆነ የኃይል አኃዝ የወሰደ ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ በአንድ ልክ አይነፍስም። ድንገተኛው ግፊት ከአማካዩ 40 በመቶ ቢበልጥ፣ አማካዩ ነፋስ ገና በሰከንድ 12 ሜትር ሳለ አደጋው ደርሷል። ደግሞም የነፋስ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ማዕበሉ ጀልባዪቱን ወደ አንድ ጎን በሚያነሣበት ጊዜ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነፋስ ይበቃል። ስለሆነም የካታማራን መሪ ሸራውን የሚቀንሰው በቁጥር እየተመራ፣ የነፋስ መለኪያውን እያየ፣ አደጋው ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ መሆን አለበት።

ከቀድሞዎቹ ትናንሽ ካታማራኖች አንዳንዶቹ በምሰሶአቸው ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ነገር ተደርጎላቸው ነበር። ዓላማውም ጀልባዋ በጎኗ ብትወድቅ ፈጽማ እንዳትገለበጥ ለማድረግ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለችውን ጀልባ የሚሸጥ ሰው ተንሳፋፊውን ለመልክ ሲል አውርዶት ከሆነ፣ አንድ የደኅንነት መሣሪያ እንደ ቀነሰ ለገዢው መናገር ይገባዋል። እንዲሁም ለብዙ ዓመታት የተጠቀመባቸውን ቁጥሮች፣ ማለትም የመጀመሪያውን የሸራ ቅነሳ በየትኛው የነፋስ ፍጥነት፣ ሁለተኛውን በየትኛው እንዳደረገ፣ በማዕበል ላይ ወደ ነፋስ ሲሄድና ነፋስን ከኋላ አድርጎ ሲሄድ ልዩነቱ ምን እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ቢሰጥ የጀልባዪቱን ግማሽ አስረከበ ማለት ይቻላል። በተለይም ከባለ አንድ ቀፎ ጀልባ የሚመጣ ገዢ የለመደው በማዘንበል የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ ይህ ወረቀት ከሌለው ጸጥ ብላ የምትሄደውን ካታማራን ጸጥታዋን እንደ ደኅንነት ሊቆጥረው ይችላል።

4. ከዓይን የተሰወረ ጉዳት

በእንግሊዝ አገር በተለመደው አሠራር ገዢው ዋጋ ካቀረበና ሻጩ ከተቀበለ በኋላ፣ ሽያጩ በምርመራ ውጤት ላይ የተመሠረተ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከዋጋው 10 በመቶ የሚሆን ቀብድ ይያዛል። ጀልባዋ ከውሃ ትወጣለች፤ በገዢው የተቀጠረ መርማሪ ይመለከታታል፤ የባሕር ላይ ሙከራም ይደረጋል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ወሰን አለው። መርማሪው የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነ ወለል አያፈርስም፤ ቀዳዳ አይበሳም፤ ጋን አያወልቅም። ሪፖርቱም «ይህ ክፍል መድረስ ስለማይቻል አልታየም» የሚል ቃል ይደጋግማል። ሻጩ ዓመታት የኖረበትን ጀልባ እርሱ የሚያየው ለአንድ ቀን ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው።

ሊሰወሩ ከሚችሉት ጉዳቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ኦስሞሲስ የሚባለው ነው። ውሃ ቀስ በቀስ በጄልኮቱ ውስጥ ዘልቆ በፖሊስተር ሙጫው ውስጥ በደንብ ሳይዋሐዱ የቀሩትን ቅመሞች ያሟሟል፤ የሚፈጠረው አሲዳማ ፈሳሽ ተጨማሪ ውሃ እየሳበ ግፊት ያሳድርና ቀፎው ከውጭ እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል። ቋጠሮው ሲፈነዳ ኮምጣጤ መሰል ሽታ አለው። በጊዜ ከተደረሰበት ጀልባዪቱን ወዲያውኑ የሚያሰምጥ ጉዳት አይደለም። ጄልኮቱ ተልጦ፣ ቀፎው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ብዙ ጊዜ ለወራት ደርቆ፣ በኤፖክሲ ሊለበስ ይችላል። ካታማራን ግን ሁለት ቀፎ ስላላት የሚታከመው ስፋት ብዙ ነው። ለሽያጭ ሲሉ ቋጠሮውን ፈግፍጎ በአዲስ ቀለም መሸፈን ጉዳቱን ለአንድ የበጋ ወራት ያህል ይሰውረዋል፤ ገዢውም ዕዳውን በሁለተኛው ዓመት ያገኘዋል።

ሁለተኛው የላይኛው ወለል ነው። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የብዙ ካታማራኖች ወለል በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ወይም ፎም ተደርጎ የተሠራ ነው። ዕቃ ለማሠር የተበሳ አንድ ብሎን በደንብ ካልታሸገ ውሃ በእርሱ በኩል ገብቶ ባልሳውን ያበሰብሰዋል። መርማሪው በትንሽ መዶሻ እየመታ ጥርት ያለውን ድምፅ ከደነዘዘው ይለያል። ይሁን እንጂ ምንጣፍ፣ የጣሪያ ልባስ ወይም ከላይ የተጣበቀ የማያንሸራትት ሽፋን ድምፁን ይለውጠዋል። በ12 ዓመት ውስጥ የትኞቹን ብሎኖች እንደ በሳና እንዴት እንዳሸገ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

ሦስተኛውና በካታማራን ላይ ከሁሉ የከበደው የመጋጠሚያዎች ጉዳይ ነው። ሁለቱ ቀፎዎች ማዕበል ላይ ለየብቻ ለመሄድ ዘወትር ይታገላሉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል፤ ድልድዩም ይጠመዘዛል። በብዙዎቹ ጀልባዎች ምሰሶው የሚቆመው በድልድዩ መካከል በመሆኑ፣ ወደ ታች የሚገፋው ኃይል በአንድ አግዳሚ ወይም ከኮምፔርሳቶ በተሠራ የመከፋፈያ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ግድግዳው ከታች በኩል ውሃ ጠጥቶ ከላላ ወይም ከቀፎው ጋር ያያያዘው የፋይበርግላስ ጥብጣብ ከተላቀቀ አግዳሚው ይሰግዳል። ምልክቶቹ ጥቃቅን ናቸው። ወደብ ውስጥ በቀላሉ የሚዘጋ የጓዳ በር በጉዞ ላይ መያዝ ይጀምራል፤ የምሰሶው ገመዶች ተወጥረው ሳለ በጥቂት ሳምንት ይላላሉ፤ በማዕዘኖች ላይ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ስንጥቆች ይታያሉ። በሩን ላጭቶ እንዲዘጋ ያደረገ ባለቤት ምልክቱን አጠፋ እንጂ ጉዳቱን አላነሣም። ያን በር ለምን እንደላጨው ለገዢው ካልነገረ፣ የመርከቡን ሐኪም ከደም ግፊት መለኪያው ለየው ማለት ነው።

አራተኛው ምሰሶውን የሚወጥሩት የማይዝግ ብረት ገመዶች ናቸው። ስማቸው የማይዝግ ይሁን እንጂ በመጨረሻ ማሠሪያዎቻቸው ውስጥ አየር በማያገኝበት ጥብቅ ቦታ ጨዋማ ውሃ ሲቀመጥ ከውስጥ ይበላሉ፤ በመወዛወዝም ይደክማሉ። ከውጭ የሚያብለጨልጭ ገመድ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊበጠስ ይችላል። ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ እንዲለወጡ የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። የተለወጡበት ደረሰኝ ከሌለ ዕድሜያቸውን በዓይን ማወቅ አይቻልም። የሞተሩም ነገር እንደዚሁ ነው። የሞተሩ ማስተላለፊያ እግር በቀፎው ቀዳዳ በኩል ወደ ውሃ በሚወርድባቸው ጀልባዎች ባሕሩን ከጀልባው ውስጥ የሚያግደው አንድ ትልቅ የላስቲክ ድያፍራም ነው። የቮልቮ ፔንታ መመሪያ ይህ ላስቲክ በየ7 ዓመቱ እንዲለወጥ ይላል። ላስቲኩ መቼ እንደተለወጠ የሚናገረው መዝገብ ብቻ ነው።

5. የሰነድና የሕግ ነገር

በእንግሊዝ ሕግ አንዲት መርከብ በመጀመሪያው ክፍል መዝገብ ላይ ስትመዘገብ ንብረትነቷ በ64 ድርሻ ይከፈላል፤ በላይዋ ያለው የመያዣ ዕዳም በዚያው መዝገብ ሊሰፍር ይችላል። ከ1983 ጀምሮ ለትናንሽ ጀልባዎች የተከፈተው ቀላል መዝገብ ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በቀላሉ መዝገብ ላይ ብቻ የሰፈረች ጀልባ ሻጭ ከመጀመሪያው ባለቤት እስከ እርሱ ድረስ ያሉትን የሽያጭ ሰነዶች በተከታታይ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ከዚህ ሌላ የተጨማሪ እሴት ታክስ መከፈሉን የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ከሰኔ 1998 ወዲህ በአውሮፓ ገበያ ለቀረበች ጀልባ የአውሮፓን መመሪያ ስለማሟላቷ የተሰጠ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ገበያ በወጣችበት በ2020 መጨረሻ ቀን ጀልባዪቱ የት እንደነበረች የሚያሳይ ማስረጃ ዋጋዋን ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ።

ስለ ጀልባዪቱ ጤንነት የሚናገረው ሕግ ግን ለገዢው የሚሰጠው ጥበቃ ጠባብ ነው። በ1979 የወጣው የዕቃ ሽያጭ ሕግ ዕቃው አጥጋቢ ጥራት እንዲኖረው የሚያስገድደው በንግድ ሥራ የሚሸጠውን ነው። ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ለሌላው ሲሸጥ ዕቃው ከተሰጠው መግለጫ ጋር እንዲስማማና የሻጩ መሆኑ እንዲረጋገጥ ከማድረግ በላይ ስለ ጥራቱ ዋስ አይሆንም። ተጠይቆ የዋሸ ሻጭ በ1967ቱ የሐሰት መግለጫ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ሳይጠየቅ ዝም ያለ ሻጭ ግን በአብዛኛው አይጠየቅም። እንደሚታወቀው በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ሁለቱ ሕጎች ከተለያየ ሥር የበቀሉ ቢሆኑም አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ፤ ሻጭ እያወቀ ዝም ያለው ነገር የማን ዕዳ ነው?

ለመሐንዲስ መልሱ ከሕጉ አንቀጽ መጠበቅ የለበትም። ሕግ ዝምታን ቢፈቅድም፣ የተላቀቀ የመከፋፈያ ግድግዳ በዝምታ አይጠገንም። ጉዳቱን የሚያውቅ ሰው መናገር በሚችልበት ሰዓት ዝም ካለ፣ ከወደብ በወጣችው ጀልባ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው ለአደጋ አሳልፎ ሰጥቷል።

6. እውነትና ዋጋ

«ሻጭ ጉድለቱን ሁሉ ከዘረዘረ ማን ይገዛዋል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ብዙ ባለቤቶች በጀልባቸው ላይ ያፈሰሱት ገንዘብ ለጡረታቸው የሚያስፈልጋቸው ነው። ጥቂት ሺህ ፓውንድ ማጣት ለእነርሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ተናገረ፤ በ2001ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። አሜሪካውያን ጉድለቱ የተሰወረበትን አሮጌ መኪና «ሎሚ» ይሉታል። የአከርሎፍ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ገዢው ደኅናውን ከሎሚው መለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈቅዳል። አማካዩ ዋጋ ለደኅናው ዕቃ ባለቤት ስለማያዋጣው እርሱ ከገበያ ይወጣል። ደኅናዎቹ ሲወጡ የቀሩት ይበልጥ ሎሚዎች ይሆናሉ፤ ዋጋውም እንደገና ይወርዳል። ገበያውን የሚያጠፋው እንግዲህ የጉድለት መኖር ብቻ ሳይሆን ጉድለት ያለውንና የሌለውን መለየት አለመቻል ነው።

ይህ ለካታማራን ገበያ ይበልጥ ይሠራል። ገዢዎች ጥቂት ናቸው፤ ጀልባዎቹ አሮጌዎች ናቸው፤ የተሰወረው ነገር ብዙ ነው። ክብደቷን የለካ፣ ደረሰኞቹን በየዓመቱ የሰበሰበ፣ ጉድለቷን በጽሑፍ ያስታወቀ ሻጭ ጀልባውን ከሎሚዎቹ መካከል ነጥሎ ያወጣታል። ገዢው ያልታወቀውን ሁሉ በሥጋት ዋጋ እየገመተ ከሚቀንስ ይልቅ፣ የታወቀውን ጉድለት በጥገናው ልክ ቢቀንስ ለሁለቱም ይሻላል። ደብቆ የሚሸጥ ሰው ደግሞ የሚደርስበት ይታወቃል። መርማሪው ያልተነገረውን አንድ ጉድለት ባገኘ ሰዓት ገዢው የተነገረውን ሁሉ ይጠራጠራል፤ ሽያጩ ይፈርሳል፤ የማቆሚያው ኪራይ ግን መቁጠሩን አያቆምም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደ ተባለው ነው።

7. የርክክብ መዝገብ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ነገር ይጠቃለላል። ማንኛውም ያገለገለ ካታማራን ሻጭ ከሽያጩ ሰነድ ጋር አንድ የርክክብ መዝገብ ማዘጋጀት ይገባዋል። መዝገቡ ሰባት ነገሮችን መያዝ አለበት። አንደኛ፣ በክሬን የተለካው ክብደትና የተለካበት ቀን፤ ጀልባዪቱ በዚያን ጊዜ ምን ምን እንደ ጫነች ጭምር። ሁለተኛ፣ የሸራ ቅነሳ ቁጥሮች። ሦስተኛ፣ ከነዳፊው ንድፍ የተለወጡ ነገሮች በሙሉ፤ የተጨመረውም የተቀነሰውም። አራተኛ፣ ጀልባዪቱ መሬት የነካችበት፣ የተጋጨችበትና የተጠገነችበት ቀንና ቦታ፤ በምን ዓይነት ሙጫና በማን እጅ እንደ ተጠገነች። አምስተኛ፣ የገመዶች፣ የላስቲኮች፣ የቀፎ ቧንቧ መዝጊያዎችና የጋዝ መስመር ዕድሜ ከነደረሰኞቻቸው። ስድስተኛ፣ ባለቤቱ የሚያውቃቸው ያልተጠገኑ ጉድለቶች። ሰባተኛ፣ የሚጠረጥራቸውና ያላረጋገጣቸው ነገሮች። ይህ የመጨረሻው ለመጻፍ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሆኖም ለቀጣዩ ባለቤት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱ ነው። መርማሪው መዶሻውን ይዞ በቅድሚያ የሚሄደው ወደዚያ ቦታ ይሆናልና።

እንዲህ ያለው መዝገብ ለካታማራን ብቻ የተወሰነ አይደለም። በሀገር ውስጥ ያገለገለ ማሽን፣ የሊፍት ዕቃ፣ የወፍጮ ሞተር ወይም የውሃ ፓምፕ ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላው በሚዛወርበት ጊዜ የሚጻፈው የርክክብ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃውን ስም፣ ቁጥርና ዋጋ ይዘረዝራል፤ የተሰበረበትን ቀን ግን አይናገርም። ፓምፑን የተረከበው ባለሙያ ዘንጉ ቀድሞ በየት በኩል እንደ ተሰነጠቀ ቢያውቅ ኖሮ፣ ሳይሰበር በፊት ሊለውጠው ይችል ነበር።

በምሳሌ የተነሣው ባለቤት ጀልባውን ለሽያጭ በሚያቀርብበት ዋዜማ ጓዳው ውስጥ ተቀምጦ ይህን መዝገብ ቢጽፍ፣ በዋጋው ላይ ጥቂት ሊያጣ ይችላል። መዝገቡን የተቀበለው ገዢ ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ድልድዩ ሥር የሚሰማውን የማዕበል ምት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከ800ው ኪሎግራም የማያስፈልገውን ያወርዳል፤ ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ሸራውን ይቀንሳል፤ ልጆቹንም ይዞ ወደብ ይገባል።